ኩላሊት ያልሆነው የወገብ ሕመም፦ የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር ምልክቶች

እኛ ዘንድ ወገቡን የያዘ ሰው ሁሉ «ኩላሊቴን አሞኛል» ይላል። ኩላሊት የሚገኘው ከፍ ብሎ፣ ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች አካባቢ ነው። በአነጋገራችን ግን ከጀርባ እስከ መቀመጫ ያለው ሰፈር በሙሉ ኩላሊት ሆኗል። ኩላሊት ካልሆነ ብርድ ነው። ብርድ ካልሆነ ቁርጥማት። አንድ ጊዜ ራጅ የተነሣ ሰው ደግሞ «ዲስክ ነው አሉኝ» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

አብዛኛውን ጊዜ በዚህ የሚጎዳ የለም። ወገቡን አሞት የማያውቅ ሰው የት ይገኛል? ሕመሙ በራሱ ጊዜ መጥቶ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ሰውየው ሃምሳን የተሻገረ ወንድ ከሆነ ግን፣ ሕመሙም ሳምንታት ከቆየ፣ በተለይ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ «ኩላሊት ነው» የምትለዋ ቃል አደገኛ ትሆናለች። መነሻው ወገቡ ላይሆን ይችላላ። ከሽንት ፊኛ ሥር ተደብቃ የምትኖር አንዲት ዕጢ ልትሆን ትችላለች። ፕሮስቴት ትባላለች።

ፕሮስቴት ወንዶች ብቻ ያሏቸው ዕጢ ናት። በጤናዋ ጊዜ ከትንሽ ሎሚ አትበልጥም። ሥራዋ ከወንድ ዘር ጋር የሚወጣውን ፈሳሽ ማዘጋጀት ነው። አቀማመጧ ግን ጣጣ አለው። የሽንት ቧንቧ በመሃሏ ያልፋል፤ ክር በጨሌ ውስጥ እንደሚያልፍ። ከኋላዋ ደግሞ ፊንጢጣ አለ። ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው።

ዕድሜ ሲገፋ ይህች ዕጢ በብዙ ወንዶች ላይ ታብጣለች። ይህ እብጠት ካንሰር አይደለም። ከመሃል፣ ከቧንቧው ዙሪያ ስለሚነሣ ቶሎ ቧንቧውን ይጫናል። ሽንት ይቀጥናል፣ ያንጠባጥባል፣ ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ ያስነሣል። ካንሰሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዳር፣ በፊንጢጣ በኩል ካለው ክፍል ነው። እዚያ ሆኖ ለዓመታት ሲያድግ ቧንቧውን ላይነካው ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆናል። ሽንት ያስቸገረው ሰው ካንሰር የሌለበት፣ ያለ ችግር የሚሸናው ጎረቤቱ ደግሞ ያለበት ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። «እኔ ሽንቴ ደህና ነው» ማለት ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሐኪም ጓንት አጥልቆ በፊንጢጣ በኩል በጣት የሚመረምረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ካንሰሩ የሚያዘወትረው ዳር በዚያ በኩል በጣት ይደረስበታል። የአገራችን ወንዶች ይህን ምርመራ ሲሰሙ ወይ ይቀልዳሉ ወይ ወንበራቸው ላይ ይንቀሳቀሳሉ። አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ለመሆኑ «ተሰራጨ» ሲባል ምን ማለት ነው? ካንሰሩ መጀመሪያ ከዕጢዋ ወጥቶ ጎረቤቶቿን ሊነካ ይችላል፤ የሽንት ፊኛን፣ የዘር ከረጢቶችን፣ በአቅራቢያ ያሉ ንፍፊቶችን። ከዚያ አልፎ በደም ወይም በሊምፍ (በንፍፊቶች በኩል በሚያልፈው ፈሳሽ) ተጉዞ ሩቅ ቦታ ሲሰፍር ተሰራጨ ይባላል፤ ሐኪሞችም ደረጃ 4 ብለው ይጽፉታል። ሲጓዝ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ አጥንትን ይመርጣል። አከርካሪ፣ ዳሌ፣ ጎድን፣ የጭን አጥንት የላይኛው ክፍል። ጉበትና ሳንባም ሊደርስ ይችላል፤ ያ ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው።

ለምን አከርካሪን? እ.ኤ.አ. በ1940 ኦስካር ባትሰን የተባለ አሜሪካዊ የአናቶሚ ሊቅ አንድ ነገር አሳየ። ከዳሌ ወደ አከርካሪ የሚሄዱት ደም መላሽ ሥሮች እንደ እግራችን ሥሮች ደሙን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ በር የላቸውም። ስናስል ወይም ስናምጥ ደሙ አቅጣጫ ሊቀይር ይችላል። ከዳሌ የተነሣ የካንሰር ሕዋስ በዚያ ክፍት መንገድ ሄዶ አከርካሪ ላይ ይወርዳል ማለት ነው። ይህ የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የአጥንት መቅኔ ለእነዚህ ሕዋሳት የተመቸ ማሳ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይደናገራል። «ፕሮስቴት ነው አሉን፣ አሁን ደግሞ የአጥንት ካንሰር ጨመረበት» ይላሉ። ሁለተኛ በሽታ አልጨመረበትም። አጥንቱ ውስጥ ያለውም የፕሮስቴት ካንሰር ነው፤ አድራሻውን ነው የቀየረው። የሚታከመውም በፕሮስቴት ካንሰር መድኃኒት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለሕክምናው ግን ሁሉም ነገር እሱ ነው።

የአጥንት ሕመሙ ምን ይመስላል

የስኮትላንዱ ብስክሌተኛ ክሪስ ሆይ ስድስት የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሐኪም ዘንድ የሄደው ትከሻውን አሞት ነበር። ክብደት ሲያነሣ የተጎዳ መስሎት ነበር። ምርመራው ትከሻው ላይ ዕጢ አሳየ። መነሻው ሲፈለግ ፕሮስቴት ሆኖ ተገኘ፤ ዳሌው፣ ጎድኑና አከርካሪው ላይም ደርሷል። ያኔ 47 ዓመቱ ነበር። የዓለም ምርጥ ስፖርተኛ፣ ሰውነቱን እንደ መኪና ሞተር የሚያውቅ ሰው፣ የመጀመሪያው ምልክት ትከሻ ላይ ነው የመጣለት።

የተለመደው የወገብ ሕመም ጠባይ አለው። ዕቃ ሲያነሡ ይብሳል፣ ጋደም ሲሉ ይሻላል፣ በሁለት በሦስት ሳምንት ይለቃል። ከካንሰር የሚመጣው የአጥንት ሕመም ሌላ ጠባይ አለው። ጥልቅና የማይለቅ ነው፤ ከውስጥ እንደሚበላ ዓይነት። መጀመሪያ ይመጣል ይሄዳል፤ በኋላ ይሰፍራል። ዕረፍት አያስታግሰውም። ሌሊት ይብሳል። ሰውየው ተኝቶ ከመሰቃየት ተነሥቶ ቤት ውስጥ መንጎራደድ ይመርጣል። ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አድርጎ «እዚህ ጋ» ማለት ይችላል፤ ያ ቦታ ሲነካም ያመዋል።

ይህን ስል ሌሊት ወገቡን ያመመው ሁሉ ካንሰር አለበት ማለቴ አይደለም። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሕመም ያመጣል፤ ክብደት መቀነሱም፣ የእግር መድከሙም ሳይቀር። ሁለቱን የሚለየው ምርመራ ነው። ሁለቱም ግን ዝም ተብለው የሚተዉ አይደሉም።

አጥንቱም ይሰበራል። የሚገርመው፣ የፕሮስቴት ካንሰር የደረሰበት አጥንት ብዙ ጊዜ በራጅ ላይ ከጤነኛው ይልቅ ነጭና ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ ይታያል። ጠንክሮ ነው እንዳትሉ። ያለ ብረት፣ ያለ ውሃ ልክ፣ ሲሚንቶ በዘፈቀደ የተደፋበት ግድግዳ አስቡ። ወፍራም ነው፤ ሸክም ግን አይችልም። አንዳንድ ሰው ከአልጋ ሲነሣ ወይም ትንሽ ሲደናቀፍ የጭኑ አጥንት ይሰበራል። ባልወደቀ ሰው ላይ ስብራት ከተገኘ «አጥንቱ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው ወጌሻ ነው። ለወለምታ ወጌሻ ቤት መሄድ የቆየ ልማዳችን ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን በካንሰር የተበላ አከርካሪን በኃይል ማሸትና ማንቋቋት ያልተሰበረውን ሊሰብር፣ ያልተጫነውን ነርቭ ሊያስጫን ይችላል። ሁለተኛው ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዛው ዲክሎፌናክ ነው። ለሁለት ቀን መውሰድ አንድ ነገር ነው። ለሁለት ወር መዋጥ ግን ሌላ ነው፤ በተለይ በሽታው የሽንት መውረጃውን እየዘጋ ከሆነ ኩላሊቱን ሊጨርሰው ይችላል። ሕመሙን ስለሚያደበዝዘው ደግሞ ሰውየው ሐኪም ዘንድ የሚሄድበትን ቀን ያርቀዋል።

አንድ ቀን እንኳ የማይጠብቀው ምልክት

ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ።

አከርካሪያችን ውስጥ ከአንጎል የሚወርደው ወፍራም የነርቭ ገመድ አለ፤ ህብለ ሰረሰር። ካንሰሩ አከርካሪው ላይ ሲያድግ፣ ወይም የተጎዳው አጥንት ሲደረመስ፣ ይህን ገመድ ሊጫነው ይችላል። የተጫነ ነርቭ ለጥቂት ጊዜ ይታገሣል። ከዚያ ይሞታል። የሞተ ነርቭ አይመለስም። እዚህ ላይ ጊዜ የሚቆጠረው በሳምንት ሳይሆን በሰዓት ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሕመም ነው። የጀርባው ሕመም ዓይነቱን ይቀይራል። ደረትን ወይም ሆድን ዙሪያውን እንደ መቀነት ጠብቆ የሚይዝ ይሆናል። ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ መጸዳጃ ቤት ሲያምጥ፣ ጀርባው ላይ ሲተኛ ይብሳል። ቀጥሎ እግር ይከብዳል። ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፤ ከወንበር ለመነሣት እጁን ይደግፋል፤ ሲራመድ ጉልበቱ ይከዳዋል። መደንዘዙ ከእግር ጣት ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። ወይም ፈረስ ላይ ስንቀመጥ ኮርቻው የሚነካው ክፍል፣ መቀመጫና የጭን ውስጠኛው በኩል፣ ስሜት ያጣል። በመጨረሻ ሽንት ይቆማል ወይም ሳያውቀው ያመልጠዋል፤ ሰገራም እንዲሁ።

ቤት ውስጥ ይህ ሲሆን የሚባለው ይታወቃል። «ነርቭ ነው።» «ስትሮክ መታው።» «ደክሞት ነው፣ ምግብ አልበላም።» ስትሮክ ብዙ ጊዜ አንድ ጎንን ነው የሚይዘው፤ ፊትን፣ እጅንና እግርን በአንድ በኩል። ከህብለ ሰረሰር የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ ፊትና ንግግር ደህና ናቸው። ይህን ለይቶ ማወቅ ሐኪም መሆን አይጠይቅም።

ያኔ ቀጠሮ አይጠበቅም። «ሰኞ እንወስደዋለን» አይባልም። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት። በተቻለ መጠን ጀርባው ላይ ቀጥ ብሎ ተኝቶ፣ ሳይጠማዘዝ ይሂድ። ሦስት ሰው ተሸክሞት ሚኒባስ ውስጥ ማጠፍ ጥሩ አይደለም። ለተረኛው ሐኪም የሚነገረውም አጭር ይሁን፦ «የፕሮስቴት ካንሰር አለበት። ከትናንት ጀምሮ ሁለቱም እግሩ እየደከመ ነው። ህብለ ሰረሰሩ ተጭኖ እንዳይሆን ይታይልን።» ይህች ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰዓት ታተርፋለች።

እዚያ ሲደርስ ዴክሳሜታዞን የተባለ እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ የአከርካሪው ኤምአርአይ ይነሣል፤ ከዚያ ጨረር ወይም ቀዶ ሕክምና ይወሰናል። ውጤቱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው አንድ ነገር ነው፤ ሕክምናው ሲጀመር ሰውየው መራመድ ይችል ነበር ወይ? እየተራመደ የደረሰ ብዙ ጊዜ እየተራመደ ይወጣል። እግሩ ሙሉ በሙሉ ከከዳው በኋላ የደረሰ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስለትም።

ሽንት፣ ደም፣ እግር

ዕጢዋ እያደገች ቧንቧውን ስትጫን ሽንት ያስቸግራል። ቀጭን ይሆናል፣ ይቆራረጣል፣ ጨርሻለሁ ሲሉ ይቀራል። እንደ ተራው እብጠት ነው ማለት ይቻላል፤ በምልክቱ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 አጥንታቸው ላይ የደረሰ የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለባቸው ሲገለጽ፣ ምርመራው የተጀመረው የሽንት ችግር ስለባሰባቸው ነበር። 82 ዓመታቸው ነበር። የግሊሰን ነጥቡ 9 ነው ተባለ፤ ይህ ከዕጢዋ ተቆንጥሮ ከሚወሰደው ናሙና የሚወጣ የካንሰሩ የክፋት መለኪያ ነው፤ የሚያበቃው 10 ላይ ነው። ለዓመታት የግል ሐኪም ያልተለያቸው ሰው እንኳ እንዲህ ሊደርስባቸው ይችላል።

ሽንት ድንገት ጨርሶ ከቆመ ያም ድንገተኛ ነው። ሆድ ይወጠራል፣ ሰውየው መቀመጫ ያጣል። በካቴተር፣ በሽንት ቧንቧ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ሲወጣለት በደቂቃ ውስጥ ነፍሱ ትመለሳለች። ከዚህ የከፋው ግን ድምፅ የሌለው ነው። ካንሰሩ ከኩላሊት ሽንት የሚያወርዱትን ሁለቱን ቀጫጭን ቱቦዎች ሊዘጋ ይችላል። ሽንቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊትን ያሳብጠዋል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ሕመም። ሽንት ያንሳል፣ ፊትና እግር ያብጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሰውነት ያሳክካል፣ ስቅታ አልለቅ ይላል፣ ሰውየው ይደነጋገራል። አያችሁ፣ «ኩላሊት ነው» የሚለው ቃል በመጨረሻ እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ተራ አልትራሳውንድ ያሳየዋል። ቱቦ ገብቶ መንገዱ ሲከፈት ኩላሊቱ ብዙ ጊዜ ያገግማል፤ ካልዘገየ።

ሽንት ውስጥ ደም፣ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ደም፣ ድንገት የመጣ ስንፈተ ወሲብ፣ ሁሉም ሊኖሩ ይችላሉ። ሌላም ብዙ መነሻ አላቸው። የሽንት ደም ግን በማንኛውም ዕድሜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ ቢጠፋም፣ መታየት አለበት። «ቀይ ሥር በልቼ ነው» ብሎ የተወ ሰው አውቃለሁ። በርግጥም ቀይ ሥር ሽንት ያቀላል፤ በማግስቱ ግን ይጠፋል።

እግር ማበጥም አለ። ዳሌ ውስጥ ያሉት ንፍፊቶች በካንሰር ሲሞሉ ፈሳሽ ከእግር ወደ ላይ መመለስ ያቅተዋል። አንድ እግር ወይም ሁለቱም፣ አንዳንዴም የዘር ፍሬ ከረጢቱ ጭምር ያብጣል። አንድ እግር በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ግን የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ካንሰር ደምን ለመርጋት ያጋልጣል። በዚያ ላይ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ያለ ስም የሚመጣው ድካም ነው። ካንሰሩ ደም የሚመረትበትን መቅኔ ሲይዝ ደም ማነስ ይመጣል። ሰውየው ይገረጣል፣ ትንሽ ሄዶ ይቀመጣል፣ ምግብ አልገባ ይለዋል። ሱሪው ይሰፋዋል፤ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ይበሳል። ይህን ራሱ ላያስተውለው ይችላል። ልብስ የምታጥበው ሚስት ወይም ከሩቅ አገር ለፋሲካ የመጣች ልጅ ናት የምታየው።

ምርመራና ሕክምና ባጭሩ

ፒኤስኤ የተባለ የደም ምርመራ አለ። ዕጢዋ የምታመነጨውን ፕሮቲን ይለካል። ለረጅም ጊዜ እንደ ወሰን ሲታይ የኖረው 4 ነው። ካንሰሩ ሲሰራጭ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ወደ መቶዎች፣ አንዳንዴም ወደ ሺዎች ይወጣል። ይሁን እንጂ ተራ እብጠትም፣ የሽንት ኢንፌክሽንም፣ የገባ ካቴተርም ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ 7 አይቶ መርበትበትም፣ 3 አይቶ መዝፈንም ትክክል አይደለም። ማረጋገጫው ናሙና ነው። የት እንደደረሰ የሚያሳየው ደግሞ የአጥንት ስካን፣ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ነው።

የተሰራጨውን ካንሰር ጨርሶ ማጥፋት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ «በቃ፣ ወደ ቤት እንውሰደው» ይላል። እኔ የምከራከረው እዚህ ጋ ነው። ከተሰራጩ ካንሰሮች ሁሉ ለሕክምና ቶሎ መልስ ከሚሰጡት አንዱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ቺካጎ ውስጥ ቻርልስ ሃጊንስ እና ክላረንስ ሆጅስ ይህ ካንሰር በወንዴ ሆርሞን፣ በቴስቶስትሮን፣ እንደሚመገብ አሳዩ። ማገዶውን ስትነሳው እሳቱ ይቀንሳል። በሕመም አልጋ የያዙ ሰዎች በቀናት ውስጥ ቀለል ሲላቸው ታየ። ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ1966 ለዚህ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እስከ ዛሬ የሕክምናው መሠረት ይኸው ነው።

ማገዶውን የሚነሱት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚወጋ መርፌ ነው። ይቀጥላል፤ ዋጋውም ይቀጥላል። ሌላው የዘር ፍሬዎቹን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያበቃል፤ ሆርሞኑ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ለብዙ የአገራችን ሰው ከገንዘብም ከመመላለስም አንጻር ይሄኛው ይሻላል። የሚያስፈራው ቃሉ ነው። «ሰለቡት» የሚለው ቃል በእኛ ባህል የሚሸከመውን ሁሉም ያውቃል። መርፌውም ቢሆን ሆርሞኑን በዚያው ልክ ነው የሚያወርደው። የወሲብ ፍላጎት መቀነሱ፣ ድንገተኛ ሙቀትና ላብ፣ የአጥንት መሳሳት በሁለቱም አለ። ድምፅ አይቀጥንም።

መርፌውን ለሚጀምር አንድ ማስጠንቀቂያ። አብዛኞቹ መርፌዎች በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ሆርሞኑን ለጊዜው ከፍ ያደርጉታል። የአጥንት ሕመም ሊብስ ይችላል፤ አከርካሪው የተነካበት ሰው ደግሞ እግሩ ሊደክም ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ከመርፌው በፊት ክኒን የሚያስጀምረው። «ክኒኑ ምን ያደርጋል፣ መርፌው ይበቃል» ብሎ መዝለል አይገባም።

ከዚህ በኋላ የሚመጡ መድኃኒቶችም አሉ። ዶሲታክሰል የተባለው ኬሞ አለ። አቢራቴሮን የተባለው ክኒን እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ለአጥንት ሕመም አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ ጨረር ከግማሽ በላይ ለሚሆኑት ያስታግሳል፤ ለውጡ እስኪታይ ጥቂት ሳምንት መታገሥ ነው። በአገራችን ለረጅም ዓመታት ጨረር የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። በቅርብ ዓመታት ከአዲስ አበባ ውጭ፣ እንደ ጅማ ባሉ ቦታዎችም ተጀምሯል። ሞርፊንም አለ። «ሱስ ያስይዘዋል» እያሉ በሥቃይ የሚያኖሩት ቤተሰብ ብዙ ነው። በሐኪም ትእዛዝ ለካንሰር ሕመም የሚሰጥ ሞርፊን የሚያመጣው የተለመደ ችግር የሆድ ድርቀት ነው፤ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይሰጣል።

የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የነበሩት ፍራንሷ ሚተራን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 ተመረጡ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ካንሰሩ አጥንታቸው ላይ መድረሱ ታወቀ። ለሕዝብ አልተነገረም። ሁለት የሥልጣን ዘመን ጨርሰው እ.ኤ.አ. በጥር 1996 አረፉ። ከ14 ዓመት በላይ ማለት ነው። ሁሉም ሰው እንዲህ አይኖርም፤ ብዙዎቹ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የሚኖሩት። ግን «ደረጃ 4» ማለት «ሳምንት የቀረው» ማለት እንዳልሆነ ያሳያል።

ማንን ነው የበለጠ የሚይዘው? እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ወደ 1.5 ሚሊዮን ወንዶች ተገኝቶባቸዋል፤ ወደ 400 ሺህ ገደማ ሞተዋል። ዕድሜ ዋናው ነው። አባቱ ወይም ወንድሙ የያዘው ሰው ዕድሉ እጥፍ ገደማ ይሆናል። አሜሪካ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ፦ እዚያ ከጥቁር ወንዶች ከ6ቱ አንዱ በሕይወቱ ይይዘዋል፤ የሚሞቱትም ከነጮቹ በሁለት እጥፍ ገደማ ነው። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ጥቁር ወንዶች ስለ ፒኤስኤ ምርመራ ከሐኪማቸው ጋር በ45 ዓመታቸው እንዲነጋገሩ ይመክራል። ሐኪሙ እስኪያነሣው አትጠብቁ።

አሁን ስለ ሚተራን ምሥጢር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛም ቤት ምሥጢር አለ፤ የምንደብቀው ግን ከሕዝብ ሳይሆን ከታማሚው ነው። ውጤቱን ልጆች ይቀበላሉ። «እንዳይደነግጥ» ተብሎ ለአባት «ፕሮስቴትህ ትንሽ አብጧል» ይባላል። በፍቅር የሚደረግ ነው፤ ይገባኛል። ግን በዚህ በሽታ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። አከርካሪው ላይ ካንሰር እንዳለ የማያውቅ ሰው፣ እግሩ ሲከብደው እርጅና ነው ብሎ ዝም ይላል። ጣቱ ሲደነዝዝ ጫማው ጠቦት ይመስለዋል። ለማንም ሳይናገር ሦስት ቀን ያልፋል፤ የነርቭ ገመዱ የሚታገሠው ደግሞ ያንን ያህል አይደለም። ሙሉውን በአንድ ቀን መንገር ካቃተ እንኳ ቢያንስ ምልክቶቹን መንገር ይቻላል። በየሳምንቱ ስልክ ሲደወልም «እንዴት ነህ?» ብቻ አይበቃም፤ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፣ ሁልጊዜ። «አባዬ፣ ማታ ስንት ጊዜ ተነሣህ? ደረጃውን ስትወጣ እግርህ እንዴት ነው? ካልሲ ስታደርግ ጣትህ ይሰማሃል?» ብሎ መጠየቅ ነው።